ስም ያልተጻፈበት ፖስታ
ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



«ተቅማጥ ይዞኛል» ብሎ ያለ ማዘዣ ለመጣ ሰው ብዙዎቻችሁ ኮትሪሞክሳዞል ቆጥራችሁ ምንም ባልተጻፈበት ፖስታ ትሰጡታላችሁ። ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዶ ሰውነቱ ቆስሎ ያውቅ እንደሆነ አትጠይቁትም። የምቃወመው ይህን አሠራር ነው።

ኮትሪሞክሳዞልን የመሰለ ሰልፋ ያለበት አንቲባዮቲክ ስቲቨንስ ጆንሰን የተባለውን ሕመም ሊያስነሳ እንደሚችል ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። ሁለት አሜሪካውያን የሕፃናት ሐኪሞች በ1922 እ.ኤ.አ. የገለጹት ይህ ሕመም የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው፤ የያዘውን ግን እሳት እንደፈጀው ሰው ቆዳውን ይልጠዋል። ከ30 በመቶ በላይ ቆዳ የሚነሣበት የከፋው ዓይነት ከሦስት ሕሙማን አንዱን ገደማ ይገድላል። የተረፈውም ዓይኑ ጠባሳ ይዞ ሊታወር ይችላል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

ሕመሙ ወዲያው አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው መድኃኒቱ በተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ትኩሳት ይቀድማል፤ ዓይን ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ከንፈርና አፍ ይቆስላል። ይህን ያየ ቤተሰብ በአገራችን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፦ «ምች ነው»። ዳማከሴ ይታሻል፣ ክኒኑም ይቀጥላል። መድኃኒቱ ቶሎ ቢቋረጥ የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋ ነበር፤ እነዚያ ቀናት ግን እንዲሁ ያልፋሉ። ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲደርስ «ምን ወስደህ ነበር?» ይባላል። «ነጭ ክኒን» ይላል። ኮትሪሞክሳዞል ነጭ ነው፤ ፓራሲታሞልም ነጭ ነው። ሐኪሙ ከዚህ ምን ይያዝ?

ሆስፒታሎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ከሞት የተረፈ ሕመምተኛ የጎዳው መድኃኒት ስም በወረቀት ተጽፎ ካልተሰጠው፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ ክኒን ከእናንተ ዘንድ ይገዛል። ሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ፈጥኖና ከፍቶ ሊመጣ ይችላል።

ወረፋ እንደሚበዛባችሁ፣ ደንበኛው እንደሚቸኩል አይጠፋኝም። የምጠይቃችሁ ግን ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አትስጡ። የቀድሞ ጉዳቱን ጠይቁ። የመድኃኒቱን ስም በአማርኛ ፖስታው ላይ ጻፉ፤ አፉ ከቆሰለ ወይም ቆዳው ካመመው ክኒኑን ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ንገሩት። ጉዳት ስትሰሙም በቢጫው ቅጽ ወይም በ8482 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አሳውቁ። ሰውየውን ከመስኮታችሁ ከመሸኘታችሁ በፊት ደግሞ የሚወስደውን መድኃኒት ስም በራሱ አፍ እንዲነግራችሁ አድርጉ።