ሕልም እውን ሲሆን ዋጋውን ማን ይከፍላል?

አባቶቻችን «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላሉ። እኔም ምናብን አልፈራም፤ ከያኒ ሆኖ ሕልምን የሚጠላ ከቶ ከወዴት ይገኛል? ክርክሬ ምናብን ከኃላፊነት መሸሻ ከሚያደርግ ድርሰት ጋር፣ እንዲሁም «ለወጣቶች የተጻፈ አይደለምን? ምን ያስጨንቃል?» እያለ በቸልታ ከሚያልፍ ሐያሲ ጋር ነው።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ማጊ ስቲፍቫተር እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው «ኮል ዳውን ዘ ሆክ»፣ በእኛ አነጋገር «ጭልፊቱን ጥራ» የሚባለው ልብ ወለድ፣ ሮናን ሊንች የተባለ ወጣት ታሪክ ነው። ሮናን በሕልሙ ያየውን በእጁ ይዞ ይነቃል። ታናሽ ወንድሙ ማቲው እንኳ የሕልሙ ውጤት ነው። ሄነሲ የተባለችው ሌላዋ ሕልመኛ ደግሞ የታወቁ ሥዕሎችን አስመስላ የምትሠራ ሠዓሊ ስትሆን፣ ያንኑ አንድ ቅዠት ባየች ቁጥር የራሷን ግልባጭ የሆነች ሴት ወደዚህ ዓለም ታመጣለች። በአንጻሩም ሕልመኛ ዓለምን በእሳት ያጠፋል የሚል ራእይ አምነው ሕልመኞችን እያደኑ የሚገድሉ ሰዎች አሉ።

ጭብጡ ታላቅ ነው። ያሳዘነኝም ይኸው ነው፤ ከትንሽ ጭብጥ ትንሽ መጽሐፍ ቢወጣ ማን ያዝናል?

የመጀመሪያው ቅሬታዬ ስለ ግልባጮቹ ሴቶች ነው። እነዚህ ሴቶች ያስባሉ፣ ይሥላሉ፣ ይሠጋሉ፤ ነገር ግን ሁሉም በአንዲት ሴት ስምና ኑሮ ተጨናንቀው ይኖራሉ። ከመካከላቸው ጆርዳን ብቻ ሙሉ ሰው ሆና ትታየናለች። የቀሩት በአዳኞች እጅ ሲወድቁ ታሪኩ ወደ ቀጣዩ ሩጫ ይጣደፋል። ሰውን ፈጥሮ ሞቱን ለማልቀስ ጊዜ የማይሰጥ ብዕር፣ ወጣቱን ስለ ሰው ክብር ምን ያስተምረዋል?

ሁለተኛው ስለ ዋጋ ነው። ዋጋ ፈጽሞ የለም አልልም፤ ሳያልም የቆየ ሕልመኛ ጥቁር ፈሳሽ እየወረደው ይሠቃያል። ነገር ግን ይህ የሕልመኛው የግል ሕመም ነው። ሮናን ወዳጁ አዳም ወደሚማርበት ወደ ሃርቫርድ ሄዶ ያደረ ሌሊት፣ ከሕልሙ የወጡ ገዳይ ሸርጣኖች የተማሪዎቹን ማደሪያ ያወድማሉ። ጥፋቱ ግን የሚመዘነው በሁለቱ ፍቅር ላይ ባመጣው እንቅፋት ነው። በዚያው ጣሪያ ሥር ያደሩት ሌሎች የት ገቡ?

ኧርሱላ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው «ዘ ሌዝ ኦፍ ሄቨን» ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ አልሸሸችም። ጆርጅ ኦር ሲያልም ዓለም ይለወጣል፤ ሐኪሙም ይህን ኃይል ለበጎ ሊያውለው ይነሣል። የሕዝብ ብዛት እንዲቀንስ ሲፈለግ መቅሠፍት የሰውን ዘር ይፈጃል፤ የዘር ልዩነት እንዲቀር ሲፈለግ ሰው ሁሉ አመድማ ይሆናል። አንዱ በተኛ ሌላው ዋጋውን ይከፍላል። ከዚያም እጅግ የሚቀድመውን የዮሴፍን ታሪክ እናስታውስ። የፈርዖን ሕልም በፍቺ ብቻ አላበቃም፤ ሰባት ዓመት እህል ተሰብስቦ በጎተራ ተከተተ። ሕዝቡን ያተረፈው ሕልሙ ሳይሆን ጎተራው ነው።

ሦስተኛው የቅርጽ ጉድለት ነው። እኔ የመድረክ ሰው ነኝ፤ ግጭቱ ገና ሲጋጋል መጋረጃ የሚዘጋ ተውኔት አቅርቤ «የቀረውን ሌላ ጊዜ ትከፍሉና ታያላችሁ» ብል ተመልካች ምን ይለኛል? ይህ መጽሐፍ ታላላቅ ጥያቄዎቹን በ2021 እና በ2022 ለታተሙት ተከታዮቹ አሸክሞ ያልፋል። በክፍል በክፍል መጻፍ ነውር አይደለም፤ ነውሩ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ እግር አለመቆሙ ነው።

«ወጣቱ ወዶታል» የሚል መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። ይውደደው! ደራሲዋ የቋንቋ ችሎታ እንዳላትም አልክድም። ነገር ግን ወጣት አንባቢ ግማሽ አንባቢ አይደለም፤ ለእርሱ የሚጻፍም ሆነ ስለ ንባቡ የሚሰነዘር ሒስ ግማሽ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ መጽሐፉን ከተማሪው እጅ አትንጠቁ። አብራችሁት አንብቡና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ ሕልም እውን ሲሆን ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ይህን መጠየቅ የለመደ ወጣት፣ የራሱን ሕልም እውን ለማድረግ የተነሣ ዕለትም ጥያቄውን አይረሳውም።