«ዲራውን በስንት ገዛችሁት?»

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት ሲያኳርፍ አይተናል።

አንድ ቤተሰብ ከመርካዝ ክሊታ ወጥቶ እዚሁ ቤር ሼቫ፣ ሽኹና ዳሌት፣ አዲስ ዲራ ገባ። ዕቃው ገና ሳይፈታ፣ ፊት ለፊት የሚኖሩ ጠና ያሉ ሴት ኬክ ይዘው መጡ። «ማዛል ቶቭ» ብለው እንደ ተቀመጡ፣ «ካማ ሺላምቴም?» ማለትም «ስንት ከፈላችሁ?» አሉ። ቀጥለውም የአባትየውን ደመወዝና የማሽካንታውን የወር ክፍያ ጠየቁ። አባት ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። የሚያስተረጉመው ልጅ ግን ሁሉንም በቁጥር ዘርዝሮ ተናገረ። አባት «ገመናችንን ሊሰልሉ መጡ» ብለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሷቸው።

እኛ ባደግንበት አገር ከገበያ የመጣ በሬ ዋጋው ይጠየቃል፤ በጎታ ያለ እህል ግን አይጠየቅም። የቤት ነገር «ሆድ ይፍጀው» ነው። እዚህ ደግሞ ብዙ ሰው የዲራ ዋጋን የሚያየው እንደ በሬው እንጂ እንደ ጎታው አይደለም። የግብር ባለ ሥልጣን እንኳ የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ በኢንተርኔት ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ስለዚህ ጥያቄው ንቀት ነው ብላችሁ አትቀየሙ።

ቢሆንም የጎረቤትን ጥያቄ ሁሉ የመመለስ ግዴታ የለባችሁም። «ባሩኽ ሀሼም፣ ሂስታደርኑ» ማለትም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደ ምንም ተወጣነው» ብትሉ ማንም አይቀየምም። ቢደግሙባችሁ «ዜ ኢሺ»፣ «የግል ጉዳይ ነው»፣ በሉ። ባንክ ለማሽካንታ፣ ቢቱዋህ ለኡሚም ለአበል ስለ ገቢያችሁ ሲጠይቁ ግን እውነቱን መናገር ይገባል።

ልጆቻችሁንም አስቀድማችሁ ምከሩ። ልጅ የሰማውን ሁሉ ማስተርጎም ሥራው ይመስለዋል። «ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ መጀመሪያ ለእኛ ንገረን፤ መልሱን እኛ እንሰጥሃለን» በሉት።

እናንተም መጠየቅን ልመዱ። ዲራ ከመግዛታችሁ በፊት በዚያው ሕንፃ የሚኖሩትን ጠይቁ። ሥራ ላይም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ለኦሌ ሐዳሽም ይሠራል። የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ትሉሹን፣ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፤ የሥራ ባልደረባንም ጠይቁ። አጠያየቁ ግን ወግ አለው፦ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ፣ ለምን እንደምትጠይቁም አስቀድማችሁ በመናገር ይሁን። «እኔም ልገዛ ነው፣ እንዳልታለል ብዬ ነው» የሚል ሰው መልስ አያጣም።

የእነዚያ ጎረቤታሞች ነገር እንዲህ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ እናት ሴትዮዋን ቡና ጠሯቸው። ለካስ ያን ቀን የጠየቁት ልጃቸው በአካባቢው ዲራ ይፈልግ ስለ ነበር ነው። በጨዋታ መካከልም በዚያው መግቢያ አንድ ተመሳሳይ ዲራ ቀደም ብሎ በጣም በርካሽ እንደ ተሸጠ ነገሯቸው። አባት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለካ እኔ ነበርሁ መጠየቅ የነበረብኝ» አሉ።

ቸር ይግጠመን።