የጣሪያ አየር ማቀዝቀዣ ሲተካ አሮጌው ጋዝ የት ይሄዳል?

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ የሚታየው ሞተርሆም አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ የያዘ ባለ ጎማ ቤት ነው። በሙቀት ወራት ይህን ቤት ለኑሮ የሚያመቸው ጣሪያው ላይ የተተከለው አየር ማቀዝቀዣ ነው። መሣሪያው ኮምፕሬሰሩን፣ ማራገቢያዎቹንና ሙቀት ማስተላለፊያ ቱቦዎቹን በአንድ ሣጥን አካትቶ ይይዛል፤ የሚሠራበት ጋዝም ከፋብሪካ ታሽጎ ይመጣል። የጋዙ ዑደት ሲበላሽ በአብዛኛው አይጠገንም፤ እንዳለ ወርዶ በአዲስ ይተካል። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የሚካሄደው የጋዝ ለውጥ ተገቢ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱን በዋናነት የሚወስነው ከጣሪያ የወረደው አሮጌ መሣሪያ መጨረሻ ሲሆን፣ ለዚህ የሚሰጠው ትኩረት ግን አነስተኛ ነው።

የለውጡ ታሪክ ሁለት ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ከተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል የመነጨ ነው። በዚህ መሠረት አሜሪካ በአር-22 የሚሠሩ አዳዲስ መሣሪያዎችን ማምረት በ2010፣ ጋዙን አዲስ ማምረትና ማስመጣትን ደግሞ በ2020 አቆመች። ቦታውን የያዘው አር-410ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን በ100 ዓመት ስሌት ዓለምን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2088 እጥፍ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ይህን ጉድለት ለማረም በ2016 በኪጋሊ በጸደቀው ማሻሻያ ተከፈተ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2020 ባወጣው ሕግ የእነዚህ ጋዞች ምርትና ፍጆታ እስከ 2036 ድረስ በ85 በመቶ እንዲቀንስ ወሰነ። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲውም በ2023 ባወጣው ደንብ ለመኖሪያና ለአነስተኛ የንግድ ቤቶች አየር ማቀዝቀዣዎች የ700 ጣሪያ አበጀ፤ ከዚህ በላይ የማሞቅ አቅም ባላቸው ጋዞች የሚሠሩ አዳዲስ ምርቶችም ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንዳይመረቱ ደነገገ። የሞተርሆም መሣሪያ አምራቾችም ፊታቸውን የማሞቅ አቅሙ 675 ወደ ሆነው አር-32 አዙረዋል።

በዚህ ሽግግር ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ ትልቅ ውለታ ውሏል። የሞተርሆም ጣሪያ ቀዳዳ ለአየር ማስወጫም ሆነ ለአየር ማቀዝቀዣ በአብዛኛው 14 በ14 ኢንች፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጎን 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ወጥ ልክ ምክንያት ጋዙም አምራቹም ሲለወጡ ጣሪያውን መቅደድ አያስፈልግም። ከውስጥ የሚገጠመው የኮርኒስ ክፍልና የመቆጣጠሪያው ሽቦ ከአምራች አምራች ሊለያይ ቢችልም፣ አዲሱ ሣጥን በአሮጌው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ቀላልነቱ ግን ሌላ ፈተና ይዞ መጥቷል፤ መተካት ከመጠገን በቀለለ ቁጥር የሚጣለው መሣሪያ ይበዛል።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አሮጌው መሣሪያ 0.5 ኪሎ ግራም አር-410ኤ ይዟል እንበል። ጋዙ በሙሉ ወደ አየር ቢለቀቅ ጉዳቱ ከ1044 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ጄነሬተር በሰዓት 2 ሊትር ቤንዚን ቢያቃጥል፣ ከአንድ ሊትር 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ፣ የሰዓቱ ልቀት 4.6 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት የተለቀቀው ጋዝ 227 ሰዓት ያህል ጄነሬተር ከማስነሣት ጋር እኩል ነው። አዲሱ መሣሪያ ነዳጁን በ10 በመቶ ቢቆጥብ እንኳ በሰዓት የሚያተርፈው 0.46 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ የተለቀቀውን ለማካካስ ወደ 2270 ሰዓት ያስፈልገዋል። በዓመት 200 ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ ከ11 ዓመት በላይ ማለት ነው። የአዲሱ መሣሪያ የማምረቻና የማጓጓዣ ልቀት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ በደህና የሚሠራን መሣሪያ ጋዙ አሮጌ ስለሆነ ብቻ ቀድሞ ማውረድ ለአካባቢ ጥበቃ የሚያመጣው ጥቅም አለመኖሩ ነው። ደንቡም ይህን አይጠይቅም፤ ክልከላው አዲስ ምርትን እንጂ በሥራ ላይ ያለን ንብረት አይመለከትም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ጋዙ ሳይሰበሰብ ከቀረ ማዘግየትም በራሱ መፍትሔ አለመሆኑ ነው። መሣሪያው ዛሬም ተጣለ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሣጥኑ በመጭመቂያ ሲደቀቅ ጋዙ መውጣቱ አይቀርም።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። ማቀዝቀዣ ጋዝን አውቆ ወደ አየር መልቀቅ በአሜሪካ የተከለከለ ነው። ከፋብሪካ ታሽገው የሚመጡና ከ5 ፓውንድ ያልበለጠ ጋዝ የያዙ መሣሪያዎች ሲወገዱም፣ ጋዙ መሰብሰቡን የማረጋገጥ ኃላፊነት በመጨረሻው ተረካቢ፣ ማለትም በብረታ ብረት ሰብሳቢው ወይም በቆሻሻ መጣያው ባለቤት ላይ ይወድቃል። ችግሩ የሚነሣው ኃላፊነቱና ጥቅሙ በአንድ እጅ ባለመገኘታቸው ነው። መሣሪያው የአገልግሎት ቫልቭ የለውም፤ ባለሙያው በታሸገችው አጭር የመዳብ ቱቦ ላይ የሚበሳ ቫልቭ አስሮ፣ መሰብሰቢያ ማሽን አገናኝቶና ሲሊንደሩን መዝኖ ግማሽ ኪሎ ግራም ጋዝ ያወጣል። የድካሙ ዋጋ ከጋዙ ዋጋ ሲበልጥ፣ ቱቦውን በፒንሳ ቆርጦ መገላገል ለማንም ቀላል ፈተና አይሆንም። ማንም አያይም፤ ጋዙም ቀለም የለውም።

ከአዲሱ ጋዝ ደኅንነት ጋር የሚነሣው ሥጋት ግን በልኩ ሊታይ ይገባል። አር-32 በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው፤ ስለሆነም ለአር-410ኤ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ መሙላት አደገኛና የተሳሳተ ተግባር ነው። ለራሱ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ሲሆን ግን ሁኔታው ይለያል። ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እንዲነድ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 0.307 ኪሎ ግራም መድረስ አለበት። 0.4 ኪሎ ግራም ጋዝ 37 ሜትር ኩብ በሆነ ክፍል ውስጥ በሙሉ ፈስሶ በእኩል ቢሰራጭ መጠኑ 0.011 ብቻ ነው። እርግጥ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ሊወርድና በአንድ ጥግ ሊጠራቀም ይችላል፤ አምራቾች የሚያወጧቸው የአገጣጠም መመሪያዎች መከበር ያለባቸውም ለዚህ ነው። ለምድጃው ፕሮፔን ተሸክሞ የሚጓዝ ቤት ግን ይህን ሥጋት ለሽግግሩ መቃወሚያ ሊያደርገው አይችልም።

መፍትሔው ጥቅሙን ኃላፊነቱ ወዳለበት ማምጣት ነው። አዲስ መሣሪያ ሲሸጥ ገዢው ተመላሽ የሚሆን መያዣ ቢከፍልና አሮጌውን ጋዙ እንዳለ ሲያስረክብ ገንዘቡን ቢቀበል፣ ቱቦውን የሚቆርጥ ሁሉ የራሱን ብር ይቆርጣል። የመኪና ባትሪ ንግድ ይህን ዘዴ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። አምራቾችም እንደ ጣሪያው ቀዳዳ ሁሉ ወጥ የሆነ የጋዝ ማውጫ ቫልቭ ቢገጥሙ የባለሙያው ድካም ይቀንሳል። የቫልቩ መገጣጠሚያ ራሱ ሊያፈስ ይችላል የሚለው የአምራቾች ክርክር ተገቢ ቢሆንም፣ ጥሩ ክዳን ለዚህ መልስ አለው፤ ለተቆረጠ ቱቦ ግን መልስ የለም።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ሩቅ አይደለም። በኪጋሊ ማሻሻያ ኢትዮጵያ የምትገኝበት ምድብ አገሮች ፍጆታቸውን ከ2024 ጀምሮ በመነሻው ልክ ገትተው እስከ 2045 በ80 በመቶ እንዲቀንሱ ይጠበቃል። በአገር ውስጥ ሞተርሆም ብርቅ ቢሆንም የተበላሸ ማቀዝቀዣ በየሰፈሩ ለቆራሌ ይሸጣል፤ ቆራሌው የሚፈልገው መዳቡንና ብረቱን እንጂ ጋዙን አይደለም። አንድ አገር ወደ አዲስ ጋዝ ስትሸጋገር የሚያስመሰግናት ወደ ገበያዋ ያስገባችው መሣሪያ ብቻ ሊሆን አይገባም። ከየጣሪያውና ከየጓዳው ከወጡት አሮጌ መሣሪያዎች ውስጥ ስንቶቹ ጋዛቸውን አስረክበው እንደተወገዱ ተቆጥሮ ሲታወቅ ነው ሽግግሩ ተሳካ ማለት የሚቻለው።