ከእንጀራችን የለቀምነውን እንክርዳድ ለፈረሳችን አንስጥ

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ በጌጥ ያሸበረቁ ፈረሶች ሲጋልቡ ማየት ልብ ይሞላል። በዓሉ ሲያልፍ ግን ፈረስ ወደ ጋሪውና ወደ ጭነቱ ይመለሳል። በቀሪዎቹ ቀናት ምን ይበላል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ ያነሳሁት በእንክርዳድ ምክንያት ነው።

እንክርዳድ ከስንዴና ከገብስ ጋር አብሮ በቅሎ አብሮ የሚታጨድ ሣር ነው። ዱቄት ውስጥ ከገባ ሰውን እንደሚያሰክር እናቶቻችን ስለሚያውቁ በሰፌድ አንገዋልለው፣ በእጃቸው ለቅመው ያወጡታል። ሊኒየስ እ.ኤ.አ በ1753 የሳይንስ ስም ሲያወጣለትም የመረጠው ቃል ትርጉሙ «ሰካራም» ነው። ችግሩ የሚመጣው ከተለቀመ በኋላ ነው። ለሰው አይሆንም የተባለው ግርድ «እንስሳ ይብላው» ተብሎ ፈረሱ ፊት ይደፋል።

ፈረስም ከዚህ መርዝ አያመልጥም። መርዙ በሣሩ ውስጥ ተደብቆ ከሚኖር ፈንገስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ፍሬውን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። መጠኑም ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ ስለዚህ «አምና በልቶ ምንም አልሆነም» ማለት ዋስትና አይሆንም። የተመረዘ ፈረስ ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። በኒውዚላንድም የእንክርዳድ ዘመድ የሆነ የግጦሽ ሣር በጎችን፣ ከብቶችንና ፈረሶችን ሲያንገዳግድ ኖሯል፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1981 መንስኤውን ሣሩ ውስጥ ካለ ፈንገስ ጋር አያይዘውታል። እዚያ እንስሳቱ ከመስኩ ሲወጡ አብዛኞቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ።

እኛ ዘንድ ግን የሚንገዳገድ ፈረስ «ሰነፈ» ተብሎ ሊገረፍ ይችላል። ገደል ወይም ቦይ ውስጥ ቢወድቅ የሚከስረው በጋሪው የሚተዳደረው ቤተሰብ ነው። በመሆኑም ይህን ምልክት ያየ ባለፈረስ ወዲያውኑ ከጋሪው ይፍታው፣ መኖውን ያቁም፣ ከገደልና ከውኃ ርቆ ሜዳ ላይ ያቆየው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲጠራም ፈረሱ ምን እንደበላ ይንገረው። የእብድ ውሻ በሽታም ፈረስን ስለሚያንገዳግድ ባለሙያ ሳያየው አፉ ውስጥ እጅ ማስገባት አይገባም።

ዘላቂው መፍትሔ ያለው ግን ዘሩ ላይ ነው። የእንክርዳድ ፍሬ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት አይቆይም፤ በየዓመቱ የሚመለሰው እኛው ከዘር ጋር ስለምንዘራው ነው። ለዘር የሚቀመጠው እህል በወንፊት ይበጠር። ማሳ ላይም ሲያሸት ለይቶ መንቀል ይቻላል፦ የስንዴ ፍሬዎች በሰፊ ጎናቸው ወደ ዛላው መሐል ይጠጋሉ፤ የእንክርዳድ ግን በቀጭን ጠርዛቸው ነው። የተለቀመው ግርድ ይቃጠል ወይም ጠልቆ ይቀበር።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። የአረም ሥልጠና ሲሰጥ ስለ ምርት መቀነስ ብቻ ሳይሆን ስለ መኖውም ይነገር። የሚንገዳገድ ፈረስ ክሊኒክ ሲመጣ የበላው መኖ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ካልተመዘገበ ጉዳቱ በየትኛው ቀበሌ እንደሚበዛ ማወቅ አይቻልም።

በአገራችን 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሉ። ታስሮ የሚቀለብ ፈረስ ያቀረብንለትን ይበላል እንጂ ከሰፌድ ላይ መልቀም አይችልም። ለልጆቻችን የማንሰጠውን እንክርዳድ ለእርሱም አንስጠው።