ዕድሩ ከመፍረሱ በፊት ዓምዱን አስፉት

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሠንጠረዥ ነው። የፖለቲካ ወግ የጠበቃችሁ አትቀየሙኝ፤ ጉዳዩ ከፖለቲካ ባልተናነሰ ሰው የሚያጣላ ሆኗል። በጀፕ ብዙ ዕድርና ዕቁብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ዞሯል፤ ጸሐፊው ይዞ የሚመጣውም በኤክሴል የተሠራ ዝርዝር ነው። ደብተር የጻፉበትን ያንኑ ያሳያል። ኮምፒውተር ግን አንዱን በሆዱ ይዞ ሌላውን ለዓይን ሊያሳይ ይችላል። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ወንድሙን ይጠረጥራል።

ነገሩ ለጀፕ ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ጎዳናው እ.ኤ.አ. በ2014 ራሂማ ሙሳ ተብሎ ታፔላው ተቀይሯል። እኛ ግን ዛሬም ጀፕ ነው የምንለው፤ ሱቆቻችንም እዚያው ናቸው። ታፔላው ሌላ፣ ውስጡ ያው።

በቅርቡ በተገኘሁበት አንድ የዕድር ስብሰባ የዓመቱ ሒሳብ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ታየ። የየአባሉ መዋጮ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ጠቅላላ ድምሩ ያለበት ክፍል ግን #### ብቻ ነው። «ድምሩን ለምን ሸፈናችሁት?» አለ አንዱ ከኋላ። «አውቀው ነዋ!» ሲል ሌላው ተቀበለው። ዕድሜያቸው የገፋው ገንዘብ ያዥ ፊታቸው ተለዋወጠ። አንድ ወጣት ተነሥቶ ዓምዱን ሰፋ ሲያደርገው ድምሩ ብቅ አለ፤ ከእሳቸው ደብተር ጋርም ልክ ነበር። ይቅርታ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

ምልክቱ የመጣው ዓምዱ ስለ ጠበበ ነው። ኤክሴል ረጅም ጽሑፍ ቦታ ሲያጣ ይቆርጠዋል። ገንዘብን ግን አይቆርጥም፤ 125,000 ራንድ ተቆርጦ 125 ቢነበብ ውሸት ይሆናልና። ስለዚህ ሙሉውን ይሸፍነዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከላይ የዓምዶቹ ፊደሎች ባሉበት፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር በማውስ ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል፤ ገንዘብ ይሄድበታል። አንድ አባል አገር ቤት ወላጅ ሲሞትበት ዕድሩ ለቤተሰቡ ይልካል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር በ1000 የሚጀምር 13 አኃዝ ነው። ኤክሴል እንዲህ ያለ ረጅም ቁጥር ሲገባለት አሳጥሮ 1E+12 ብሎ ያሳያል፤ አባሉ ሁሉ አንድ ሒሳብ ያለው ይመስላል። አትደንግጡ፤ ክፍሉን ስትነኩት ሙሉው ቁጥር ከላይ ባለው ረጅም መስመር ላይ ይታያል። የሚያስደነግጠው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ነው። ኤክሴል የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻውን ዜሮ ያደርገዋል፤ ያም ተመልሶ አይገኝም። የስልክ ቁጥርም እንዲሁ የፊት ዜሮው ይወድቅና 10 የነበረው አኃዝ 9 ይሆናል። ሌሊት ሞት ሲነገር እየተደወለ የማይገባው ስልክ አንዳንዴ ከዚህ የመጣ ነው።

ምክንያቱ አንድ ነው፤ ማሽኑ ሁሉንም እንደ ብዛት ይቆጥረዋል። የስልክና የባንክ ቁጥር ግን አይደመርም፣ አይካፈልም፤ እንደ ስም ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን መርጣችሁ «ቴክስት» አድርጉት። ከጻፋችሁ በኋላ ብታደርጉት የወደቀው ዜሮ አይመለስም።

ተገላቢጦሹም አለ፤ ለዓይን ደህና፣ ውስጡ ግን ሌላ የሆነ። በመዋጮው ዓምድ አንዱ ጸሐፊ 500 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «500 ራንድ» ይላል። ለአንባቢ ልዩነት የለውም። ለኤክሴል ግን ሁለተኛው ጽሑፍ ስለሆነ በድምር ውስጥ አይገባም፤ የዚያ አባል መዋጮ በዝርዝሩ እየታየ ከድምሩ ይጎድላል። ምልክቱ ይህ ነው፤ ማንም ካልነካው ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። በግራ የቆመ ገንዘብ ካያችሁ መርምሩት።

ቀናችንማ ለማሽኑ እንቆቅልሽ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 2017 ለማለት 2017/02/05 ብትጽፉ ኤክሴል የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 5 አድርጎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን ብትጽፉ ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ከነጭራሹ አያውቃትም። በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር እነዚህ ተገንጥለው መጨረሻ ይሄዳሉ፤ የከፈለውም ሰው ያልከፈለ ይመስላል። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በሦስት ዓምድ ለያይቶ መጻፍ ይገላግላል።

ስማችንም እንዲሁ። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ሦስት። ስትፈልጉት በአንዱ ፊደል ካጣችሁት በሌላው ሞክሩ። ረድፎች የጠፉ ከመሰላችሁ ደግሞ በግራ ያለውን ተራ ቁጥር እዩ። ከ14 ዘሎ 31 ካለና ቁጥሮቹ ሰማያዊ ከሆኑ ማንም አልተሰረዘም፤ ማጣሪያው ደብቋቸው ነው።

በመጨረሻ ፊደላችን። ግዕዝ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተቀመጡ ነበሩ፤ የድሮ ዝርዝር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል የሚያሳየው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሦስቱን ለዩ። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ፎንት ጎድሏል፤ ጽሑፉ አለ። የተዘባረቀ ላቲን ካያችሁ አነባበቡ ተሳስቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቃናል። ረድፍ ሙሉ የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ግን ፋይሉ ሲቀመጥ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከቀድሞው ቅጂ በስተቀር መመለሻ የለውም።

ስለዚህ ለጸሐፊዎቻችን ምክሬ ይህ ነው። የተበላሸ የመሰለ ሠንጠረዥ ስታዩ ለውጡን ሳታስቀምጡ ዝጉት፤ መጀመሪያ ቅጂ አውጡ፤ ከዚያ ክፍሉን ነክታችሁ ውስጡን እዩ። ገንዘብ ከመላኩ በፊት አንዱ የሒሳብ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ከባለቤቱ ወረቀት ያመሳክር። ደብተሩንም አትጣሉት። ለአባላትም አንድ ቃል፤ ሰው ሌባ የሚባለው ውስጡ ከታየ በኋላ ነው። በሰው አገር ያለን ሀብት መተማመን ነው፤ በጠበበ ዓምድ ምክንያት አንበትነው።

ቸር ያሰንብተን!