ነፋስ የደረሰውና ያልደረሰው

ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ጋቢ ስታስደርብ ሆንግ ኮንግ በወበቅ ትታፈናለች። ከቦሌ ተነስቶ እዚያ የሚያርፍ መንገደኛ ከኤርፖርቱ ቅዝቃዜ ወደ ውጭ ብቅ ሲል መነጽሩ ወዲያው ጤዛ ይለብሳል፤ ብዙ ሳይራመድም ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይለጠፋል። ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው 32 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለድሬዳዋ ሰው ብርቅ የማይሆን ቁጥር። ክፉው እርጥበቱ ነው። አየሩ ውሃ ጠግቦ ስለሚውል ላብ በቀላሉ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ደግሞ ገላ አይቀዘቅዝም። ጅቡቲ ወደብ ጭነት ሲጠብቅ ያደረ የከባድ መኪና ሾፌር ይህን ወበቅ በደንብ ያውቀዋል።

የጉብኝት መጻሕፍት እስከ ኅዳር ጠብቁ ይላሉ። ምቾት ለሚፈልግ ምክሩ ልክ ነው። ከተማዋን ማወቅ የሚፈልግ ግን በነሐሴ ማብቂያ ወይም በመስከረም ይሂድ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያለውና የሌለው የሚለዩት በሚያገኙት ነፋስና ጥላ ጭምር ነው፤ ይህ ደግሞ አየሩ በተመቸ ጊዜ ከዓይን ይሰወራል።

ነገሩ ሥር አለው። እንግሊዞች ደሴቷን እ.ኤ.አ. በ1841 ከያዙ በኋላ ሙቀቱን የሸሹት ወደ ላይ ነው። ቪክቶሪያ ፒክ የሚባለው ተራራ 552 ሜትር ከፍታ አለው፤ አናቱ ላይ ከታችኛው ከተማ ይልቅ በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ላይ ቻይናውያን ተሸካሚዎች ጌቶቹን በወንበር ተሸክመው ያወጧቸው ነበር፤ በ1888 በገመድ የሚጎተት ባቡር ተሠራ። በ1904 ደግሞ ከቤት አገልጋዮች በቀር ቻይናውያን ተራራው ላይ እንዳይኖሩ የሚያግድ ሕግ ወጣ። ሕጉ የተሻረው በ1946 ነው። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ በዚያው ባቡር ወጥቶ ፎቶግራፍ ይነሳል። ፎቶውን ከመነሳቱ በፊት ይህን ታሪክ ቢያውቅ፣ ፊቱን የሚነካው ቀዝቃዛ ነፋስ ለአርባ ዓመታት በሕግ የታጠረ እንደነበር ይረዳል።

ታች ወደቡ ላይ ደግሞ ስታር ፌሪ አለ። ኩባንያው የተመሠረተው በ1898 ነው፤ አረንጓዴና ነጭ የተቀቡት ጀልባዎቹ ሆንግ ኮንግ ደሴትን ከካውሉን ጋር ያገናኛሉ። ጉዞው አሥር ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ ከተማዋ በርካሽ ከምትሰጠው ነገር ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። የላይኛው ወለል ጎኑ ክፍት ስለሆነ የባሕሩ ነፋስ እንደልቡ ይገባል። በ1966 የአንደኛ ማዕረግ ዋጋ በ5 ሳንቲም እንዲጨምር ሲታሰብ አንድ ወጣት ጀልባ መሳፈሪያው ላይ የረሃብ አድማ አደረገ፤ ቁጣው ተቀጣጥሎ ከተማዋን ለቀናት አናወጣት። ለ5 ሳንቲም ይህ ሁሉ መሆኑ የሚገርመው ሰው ካለ፣ የኑሮ ውድነት በዚያን ጊዜ ምን ያህል አንገት ላይ እንደደረሰ ያስብ።

ወበቁ በጣም ሲያፍን አውሎ ነፋስ ቀርቧል ማለት ሊሆን ይችላል። ታይፉን የሚባለው ይህ አውሎ ነፋስ ሲመጣ በዙሪያው ያለው አየር ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይሞቃል፣ ደመናውም ይበተናል። ነሐሴ 22 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የከተማዋ የአየር ሁኔታ ተቋም 36.6 ዲግሪ መዘገበ፤ መዝገቡ በ1884 ከተከፈተ ወዲህ እንዲህ ያለ ሙቀት ታይቶ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ሃቶ የተባለው ታይፉን ደረሰና ከፍተኛው የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ 10 ቁጥር፣ ወጣ። መስከረም 7 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ሌሊት ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ 158.1 ሚሊሜትር ዝናብ ወረደ። ለማነጻጸር፣ አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

የከተማዋ ሰው ግን አይደናገጥም። የ8 ቁጥር ማስጠንቀቂያ ሲታወጅ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ጀልባዎች ሥራ ያቆማሉ። ይህ ሥርዓት እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሰው ሲያምነውና ሲታዘዘው ነፍስ ያድናል።

ለሙቀቱ ግን ያን ያህል ጥንቃቄ የለም። ሻም ሹይ ፖ በተባለው የድሆች ሠፈር አንድ አፓርታማ ለብዙ ተከፋፍሎ ይከራያል። በከተማዋ እንዲህ ባሉ ክፍሎች የሚኖሩት ከ200,000 ሰዎች በላይ ናቸው፤ መስኮት የሌላቸው ክፍሎችም አሉ። የጎረቤት ኤሲ ሙቀቱን ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ሲተፋ ሽማግሌዎች ወጥተው መናፈሻ ውስጥ ያመሻሉ። መንግሥት ለሌሊቱ ማረፊያ አዳራሾችን ይከፍታል፤ መልካም ነው፤ ግን ሰው በገዛ ቤቱ መተኛት መቻል አለበት። ከ2023 ጀምሮ ለሠራተኞች የሙቀት ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ እሱም ቢሆን ለአሠሪው የተሰጠ ምክር እንጂ የሚያስገድድ ሕግ አይደለም። ብረት የሚያስር የግንባታ ሠራተኛ የዕረፍት ሰዓቱ በአለቃው ፈቃድ ላይ መንጠልጠል አይገባውም ነበር።

እሑድ ሴንትራል የሚባለውን የባንኮች ሠፈር የጎበኘ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ከ300,000 በላይ የሚሆኑት፣ አብዛኞቹ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ የመጡ የቤት ሠራተኞች፣ በሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን አላቸው፤ ሕጉ በአሠሪያቸው ቤት እንዲኖሩ ስለሚያስገድድ ግን የራሳቸው ማረፊያ የላቸውም። ስለዚህ በእግረኛ ድልድዮች ጥላና በአንድ ትልቅ ባንክ ሕንፃ ሥር ካርቶን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ምግብ ይካፈላሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ ወደ አገራቸው ይደውላሉ። ቤይሩት ወይም ሪያድ እህት ያለችው ኢትዮጵያዊ በዚህ ሥፍራ ዝም ብሎ አያልፍም። በእነዚያ የአረብ ከተሞች ያሉ ብዙ እህቶቻችን ሳምንቱን ሙሉ ከበር እንዳይወጡ ይከለከላሉ፤ ፓስፖርታቸውም አሠሪው እጅ ነው። የሆንግ ኮንግ የቤት ሠራተኞች ይህን እሑድ ያገኙት ሕግ ስላለ ነው፤ ቀሪ መብታቸውን ለማስከበርም ማኅበር አቋቁመዋል።