ዜግነት ሽልማት ነው ወይስ መብት?

ካርልሄይንዝ በም ጀርመን አገር የተወለዱ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። በ1981 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ቀርበው «ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለሳህል ችግረኞች አንድ ማርክ አይሰጥም» ብለው ተወራረዱ። የተዋጣውን ገንዘብ ይዘው ኢትዮጵያ መጡ፤ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሥርተው ሐረርጌ ኤረር ሸለቆ ላይ ሥራ ጀመሩ። በ2003 እ.ኤ.አ. መንግሥት የክብር ዜግነት ሰጣቸው። ዕድሜያቸው ሰባዎቹን አጋምሶ ነበር።

አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ካትሪን ሃምሊንም በ1959 እ.ኤ.አ. መጥተው የፌስቱላ ሆስፒታል መሥርተዋል። የክብር ዜግነቱን ያገኙት በ2012 እ.ኤ.አ.፣ በ88 ዓመታቸው ነው።

ሁለቱም ይገባቸዋል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ስመ ጥር ያልሆነውስ?

ሻሸመኔን እንመልከት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ ከካሪቢያን የመጡ ራስተፈሪያን ሰፈሩ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ይዞታቸውን አጡ፤ አገሩን ግን አልለቀቁም። እዚሁ አረጁ። የመኖሪያ መታወቂያ ለማግኘት 2009 ዓ.ም.ን መጠበቅ ነበረባቸው። መታወቂያው ከቪዛ ጣጣ ይገላግላል እንጂ ዜጋ አያደርግም። በእኛ ሕግ ደግሞ እዚህ መወለድ ብቻውን አይበቃም፤ ከወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆን አለበት።

ዜግነት ወረቀት ብቻ አይደለም። የምርጫ ካርድ ነው፤ ሰንጋ ተራ እንዳሉት ላሉ የ40/60 ቤቶች መመዝገብ መቻል ነው፤ «ነገ ውጣ ብባልስ?» ከሚል ስጋት መዳን ነው።

«በሩ ወለል ብሎ ከተከፈተ አገር ምን ይቀራታል?» የሚሉ አሉ። ስጋቱ አይናቅም። ግን መልሱ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ውስጥ ተቀምጧል፦ ቢያንስ አራት ዓመት የኖረ፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት የሚችል፣ መተዳደሪያ ያለው፣ ጠባዩ የተመሰገነ፣ የቀድሞ ዜግነቱን የሚተው ሰው ማመልከት ይችላል። ማጣሪያው አለ፤ የጎደለው ተራው ሰው ደፍሮ የሚያንኳኳው በር ነው።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ገንዘብ ላለው የውጭ ዜጋ ቤት የመግዛት ዕድል ሰጥቷል። ለገንዘብ የተከፈተ በር፣ ዕድሜውን እዚህ ለጨረሰ ሽማግሌ ሊጠብ አይገባም። ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ ነገር ያድርግ፦ አዛውንቶቹ ያሉበት ድረስ ሄዶ ማመልከቻቸውን ይቀበል፣ የመልሱንም ቀን ቆርጦ ይንገራቸው። ክብሩ ለጥቂቶች ይሁን፤ ሕጉ ግን የሁሉም ነው።